ያቺ ነፋስ መሙያህ አለች?

በድሬዳዋዋ መልካ ጀብዱ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ብዙም አይቸገርም፤ ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ግን አለቀለት። ባለመኪናው «ሳቢያን ጣል አድርገኝ» ሲባል «አቦ ቤንዚን የለኝም» ብሎ ይገላገላል፤ የነዳጅ ሰልፍ ያየ ሁሉ ያምነዋል። ባለኮምፕሬሰሩ ምን ብሎ ያመልጣል? የሚሰጠው አየር ነው። አየር አለቀብኝ አይባል፣ ተወደደብኝ አይባል። ቀትር ላይ ሁላችንም አየር አጥሮን በር ከፍተን የምንቀመጥ ብንሆንም «ለጎማ አየር ነፈገኝ» የሚል ስም ተሸክሞ ሰፈር ውስጥ መኖር አይቻልም።

ስለዚህ ትንሽዬ ተንቀሳቃሽ ኮምፕሬሰር ልገዛ ነውና ምከረኝ የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መኪናው አይደለም። ጎረቤቶችህ ምን ይነዳሉ? ደጅህ ላይ ባጃጅ ያድራል? ጋሪስ? ኳስ ያላቸው ልጆች ስንት ናቸው? ሰርግ የደረሰበት ቤት አለ? ሰውየው የሕዝብ ቆጠራ የጀመርኩ ይመስለዋል። ለራሱ መኪና ብቻ ብሎ የገዛ ሰው ግን በወሩ አንድም ማሽኑን፣ አንድም ጎረቤቱን ያጣል። ኮምፕሬሰር የሚመረጠው ለሰፈር ነው፤ መኪናህ በመሃል ተጠቃሚ ትሆናለች።

ጎማ በእኛ በኩል የሚተነፍስበት ሰበብ አያልቅም። አንዱ እሾህ ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ በረሃውን ይገታል ተብሎ ወደ አገራችን ሲገባ ቀድሞ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው፤ ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ግድም። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ፍየሉ ፍሬውን እየበላ ዘሩን አዳረሰለት፣ ጎርፉም አገዘው፣ የአፋርን የግጦሽ መሬት ሳይቀር ወረሰ። በአፋር በኩል አንዴ የደርግ ዛፍ፣ አንዴ የወያኔ ዛፍ እየተባለ ስሙ ከመንግሥት ጋር ሲቀያየር ኖሯል። እሾሁ ግን ሥርዓት አይለውጥም፤ ሁሉም ዘመን ላይ ጎማ ይበሳል።

ሌላው ሚስማር ነው። ባቡር ጣቢያው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የከባድ መኪናው ግርግር ሁሉ ወደዚሁ ወደ እኛ ነው። ዕቃ በእንጨት ሳጥንና በፓሌት ይመጣል፣ ሳጥኑ ሲፈታ ሚስማሩ ይረግፋል። ከጅቡቲ ድረስ ተጭኖ የመጣ ሚስማር ጎማህ ውስጥ ስታገኘው ቢያንስ ቀረጥ የተከፈለበት ነው ብለህ ትጽናናለህ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠናው ከተመረቀ ወዲህ ግን እሱም አጠራጣሪ ሆኗል።

ጎሚስታ የለም ወይ? አለ እንጂ። መንገድ ዳር ያረጀ የከባድ መኪና ጎማ ነጭ ተቀብቶ ከቆመ እዚያ ጎሚስታ አለ ማለት ነው። አጠገቡ ግማሽ በርሜል ውሃ፣ ቀለሙ እንደ ቡና አተላ የሆነ። ከዛፉ ሥር ቺንጋው የሚንጫጫ ኮምፕሬሰር፣ ከእሱ የሚወጣ፣ ሥራ ስለበዛበት በየቦታው በጨርቅ የታሰረ ረጅም ቱቦ። የጌጁ መስታወት ተሰብሯል፣ መርፌውም ከቆመ ቆይቷል፤ ጎሚስታው ግን ጌጅ አያስፈልገውም። ነፋሱን እየሞላ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፣ በተረከዙ ጎማውን ሁለቴ መታ መታ ያደርግና «ሠላሳ ገብቷል» ይላል። እቤት ገብቼ በራሴ ዲጂታል ጌጅ ስለካው ሠላሳ አንድ አለኝ። ጌጄን ተጠራጠርኩ።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከምሳ በኋላ ድሬ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ጎማ ደግሞ ይህን ሰዓት ቆጥሮ የሚተነፍስ ይመስላል። ጎሚስታውን ከጀማው መሃል «ተነሳና ነፋስ ሙላልኝ» ብለህ ብትጠራው «አቦ ቁጭ በል፣ ጎማውም ይረፍ» ይልሃል። አንቱ፣ ጋሼ ብሎ የሚፈራህ እንዳይመስልህ፤ ድሬ ነው። ትቀመጣለህ። ወሬው ይደምቃል። ስትነሳ መሽቷል፣ ጎማው ትዝ የሚልህም በእግርህ ቤትህ ከደረስክ በኋላ ነው።

ሰው ኮምፕሬሰር ለመግዛት ታይዋን የሚሄደው በእንዲህ ያለ ቀን ማግስት ነው። ታይዋን ያልኩት የእኛውን፣ የኤሌክትሮኒክስ ገበያውን ነው። አንድ ጓደኛዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ሻጩ አንዱን ካርቶን ብድግ አድርጎ «ይሄ 150 ነው» አለው።

«150 ምን?»

«150 ነዋ!»

«ያኛውስ?»

«እሱም 150 ነው። ግን ይሄኛው ይበልጣል።»

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ሻጩ አልዋሸም። ካርቶኖቹ ሁሉ 150 ፒኤስአይ ይላሉ፣ አንዱም ከሌላው ይበልጣል። 150 ማሽኑ ጥርሱን ነክሶ ሊደርስበት የሚችለው የግፊት ጣሪያ ነው፤ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ አይነግርህም፣ ሲደርስም በሕይወት ስለመኖሩ ዋስትና አይሰጥም። የቤት መኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 ቢያገኝ ጠግቦ ያድራል፤ የቀረው 115 ለጉራ ነው። መጠየቅ ያለበት ቁጥር በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይገፋል የሚለው ነው። እሱ ከተጻፈም ካርቶኑ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል ነው፤ ትንንሾቹ አንድ ሲሊንደር ያላቸው 35 ሊትር አካባቢ ይላሉ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ የዚያን እጥፍ።

እስቲ ሒሳቡን በሰፈራችን ልክ እንሥራው። የቪትዝ ጎማ ውስጡ 25 ሊትር ገደማ ነው። መሬት ከነካ ጎማ ተነስቶ 32 ፒኤስአይ ለመድረስ ወደ 55 ሊትር የውጭ አየር መጥቶ እዚያ ውስጥ መታጨቅ አለበት። ባለ 35ቱ በወረቀት ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ በተግባር ግን ጎማው እየጠነከረ ሲመጣ ማሽኑ እየደከመ ስለሚሄድ እጥፉን ብታስብለት ይሻላል። የባጃጅ ጎማ ሻይ ተቀድቶ ሳይቀርብ ያልቃል። ባጃጅን እኮ በሬ ላይ ስለምትመላለስ አልወቅሳትም። በፈረንጆቹ 1888 በነፋስ የሚሞላ ጎማ ፈጠርኩ ብሎ የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣው ደንሎፕ የሚባለው የከብት ሐኪም፣ ሐሳቡን መጀመሪያ የሞከረው በልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ላይ ነው። ሦስት ጎማና ነፋስ ከጥንቱ ተጣምረዋል፤ ዕዳው ዛሬ እኔ በር ላይ ማደሩ ነው የሚገርመው።

ከባድ መኪና ሲመጣ ነው ሒሳቡ የሚበላሸው። የሲኖትራክ አንድ ጎማ ውስጡ 150 ሊትር ይጠጋል፣ የሚፈልገውም ከ100 ፒኤስአይ በላይ ነው፤ ስለዚህ ከ1,000 ሊትር በላይ አየር ይውጣል። አንድ ቀን ከሰዓት አንድ ረዳት ላብ በላብ ሆኖ በሬን መታ። «ያቺ ነፋስ መሙያህ አለች? 150 ናት አሉኝ።» ዝናዋ ከካርቶኗ ጋር ተጉዟል ማለት ነው። እጁን ይዤ ወጣሁና የራሱን መኪና ሻንሲ ላይ የታሰሩትን የአየር ታንኮች አሳየሁት። ያ መኪና የሚቆመው በታመቀ አየር ነው፤ ሞተሩ ላይ የእኔን አሥር የሚያህል ኮምፕሬሰር ተሸክሟል። ቱቦ ከታንኩ ጋር አገናኝቶ ጎማ መሙላት ሾፌሮች ሁሉ የሚያውቁት ነው። «ቱቦውን ጎሚስታ ጋ ረስተነው ነው» አለኝ። ጎሚስታው የት ነው? በርጫ ላይ።

ይህ የፍሬን አየር ነገር የመኪና ብቻ አይደለም። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ላይ ሲቆም የሚሰማው ረጅም «ፍስስስ» የታመቀ አየር ነው። ብልሃቱ የዌስቲንግሐውስ ነው፣ በፈረንጆቹ 1869። እሱ በኋላ ያሻሻለው ዘዴ የሚገርመው አየሩ ሲኖር ፍሬኑ ይለቃል፣ አየሩ ሲጠፋ ፍሬኑ ይይዛል፤ ቱቦ ቢበጠስ ባቡሩ ይቆማል እንጂ አይሸሽም። የከባድ መኪናውም የማቆሚያ ፍሬን እንዲሁ ነው፤ ጠዋት ታንኩ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ ከባቡር እስከ ልጅ ኳስ መልካ ጀብዱ የቆመችው በነፋስ ላይ ነው። ከዚያ ውስጥ ግን ሰው በር የሚያንኳኳለት የእኔኛው ብቻ ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ከሊትር ቀጥሎ የሚጠየቀው ስንት ደቂቃ ሳያርፍ ይሠራል የሚለው ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ የሳይክል መንፊያ የገፋ ልጅ ሁሉ ታችኛው ጫፍ እጅ እንደሚያቃጥል ያውቃል። ትንሿ ኮምፕሬሰር ደግሞ ያንኑ ሥራ በደቂቃ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ትደጋግማለች። መመሪያው ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ሠርታ ትንሽ ትረፍ ይላል። ያን የጻፈው ሰው የግንቦትን ቀትር ድሬ ላይ አላየውም። ጥላ ውስጥ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ፀሐይ የጠበሰው ኮብልስቶን ላይ ተቀምጣ 10 ደቂቃ ሩጪ ማለት ግፍ ነው። ሙቀት ሲበዛ በራሷ የምትጠፋውን ዓይነት ፈልግ፤ ሲሊንደሯም ብረት ይሁን፣ ፕላስቲክ የበዛባት ክረምት አታይም። ጎረቤት ግን ስትጠፋ ተበላሸች ብሎ ይመልስልሃል፣ ይቅርታም ይጠይቅሃል፣ አንዳንዱም ብርቱካን ይዞ ይመጣል። በርዳ ስትነሳ ለማንም አልናገርም።

አንድ ነገር ግን ለድሬ ይመሰከርላታል። ከተማችን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ የዚያ እጥፍ ግድም። እኛ ጋ አየሩ ስለሚወፍር ያቺው ማሽን በአንድ ምት የምትስበው ከአዲስ አበባው ይበልጣል። ከሸገር በመኪና ለሚመጡ ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው ደስ አይላቸውም። ዘመዶቼ ደግሞ «ወርደን ስንመጣ ጎማው ይጠነክራል ወይስ ይላላል?» እያሉ ይከራከራሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቁልቁለቱ ከጌጁ ላይ ሁለት ፒኤስአይ የማይሞላ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ደግሞ ያንኑ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ አድራችሁ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ እላቸዋለሁ። ጠዋት ማለት ድሬ ላይ ከፀሐይ በፊት ነው፤ ዘመዶቼ በዚያ ሰዓት ለፉልም አይነሱ።

አሁን አሁን የመጡት ቻርጅ የሚደረጉት ናቸው። ሞባይል ያክላሉ፣ ገመድ የላቸውም፣ መብራት አላቸው፣ የፈለግከውን ቁጥር ስትሞላላቸው እዚያ ሲደርሱ በራሳቸው ይቆማሉ። ያምራሉ። ነገር ግን ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ድሬ ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ዳሽቦርድ ላይ ትተሃት ምሳ በልተህ ስትመለስ ባትሪዋ አንድ ዓመት አርጅታ ትጠብቅሃለች። «እቤት አስቀምጣታለሁ» ካልክ ደግሞ ጎማው የሚተነፍሰው ሽንሌ መንገድ ላይ ነው። ለዚህ አገር የ12 ቮልቷ፣ ባለ ገመዷ ትሻላለች። እሷም ስትገዛ የሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ከሆነች ከ10 እስከ 15 አምፒር ስለምትስብ የመኪናህን ፊውዝ እይ፤ ከዚያ በላይ የምትስበው በመቆንጠጫ በቀጥታ ከባትሪ የምትያዝ ትሁን። ሞተሩን ሳታስነሳ አትሙላ። አለበለዚያ ጎማውን ሞልተህ መኪናውን ለማስነሳት ግፉልኝ ትላለህ፤ የሚገፋልህም ያው ጎረቤት ነው፣ ሒሳብ ያወራርዳል።

የገመዱ ርዝመት ከሁሉ ይልቅ የጎረቤት ጉዳይ ነው። አራቱን ጎማ ይድረስ ይላሉ ባለሙያዎች። እኔ ከግቢዬ አልፎ በቆርቆሮው አጥር ላይ ተሻግሮ ከጎን ያለችውን ባጃጅ ይድረስ እላለሁ። ካልደረሰ ማሽኗ ራሷ ትሄዳለች፤ የሄደች ማሽን ደግሞ መቼ እንደምትመለስ ሰይጣንም አያውቅ። አንዴ ሳቢያን ተገኝታ ነበር፣ ከማላውቀው ሰው ቤት፣ እሱም ለሌላ ሊያውሳት ካርቶኗን ጠይቆ ልኮብኛል። ድምጿም ይታሰብ። ልጅ ያስተኛች እናት ጎን ሆና «ድርርርር» ስትል ለሰማ ሰው ዝም ብትል ይሻል ነበር።

ከዚያ ጭራዎቿ። ከካርቶኑ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ነገሮች በላስቲክ ተጠቅልለው ይወጣሉ፤ ባለመኪናው አይቶ ይጥላቸዋል። ሰፈሩ የሚፈልጋት ለእነሱ ነው። አንዷ የኳስ መርፌ ናት። የእግር ኳስ ሕግ የሚፈቅደው ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው፤ በፒኤስአይ ከ8.5 እስከ 15.6። ልጆቹ ግን 150 የሚለውን አንብበዋል። «አቦ፣ ትንሽ ጨምርበት፣ ትንሽ» እያሉ ኳሷ ድንጋይ ትሆናለች፣ ግብ ጠባቂው ማልቀስ ሲጀምር ነው የምትተነፍሰው። ሁለተኛዋ ለፊኛ ናት፤ በሰርግ ወቅት ማሽኗ እኛ ቤት አታድርም። ሦስተኛዋ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ሞባይል ጠጋኙ ግን አቧራ ይነፋባታል፣ ፀጉር ቆራጩም አንገት ላይ የቀረ ፀጉር ያራግፍባታል። ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ አንዴ ከሰል አቀጣጥለውባታል። እርግጥ ከሰሉ ፈጥኖ ተያይዟል፤ አመዱ ግን ሦስት ቤት ደርሷል። ቡና ስለጠሩን ማንም አልተናገረም።

አዲሱ ደንበኛ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እኛም ጋ ብቅ ብቅ ብሏል። ብዙዎቹ ስኮርት የላቸውም። ሻንጣው ሲከፈት በስኮርቱ ቦታ አንዲት ትንሽ ኮምፕሬሰርና ቀዳዳ ይደፍናል የተባለ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ አለ። የሚሊዮኖች ብር መኪና የእኔዋን እህት ይዞ ነው የሚዞረው! ባለቤቱ መጥቶ «አንተ በዚህ ነገር ትታወቃለህ፣ እስቲ አሠራሩን አሳየኝ» አለኝ። ጎሚስታውም በርጫውን ጥሎ ሊያይ መጣ፤ ለኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን ይነሳል ማለት ነው። ጠርሙሱን አገላብጦ አሸተተና «ይሄ የኛን እሾህ አያውቀውም» ብሎ መለሰለት። ፈሳሹ ጎማው ጉንጭ ላይ ለሚመጣ ቀዳዳ እንደማይሆን መመሪያው ራሱ ያምናል።

ሰውየው የጎማውን ጉንጭ አንብቦ «ይሄውና 51 ይላል፣ 51 አድርግልኝ» ቢለኝ የሾፌሩን በር ከፍቼ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየሁት። ጉንጩ ላይ ያለው ጎማው ሊችለው የሚገባ የመጨረሻው ነው፤ መኪናው የሚፈልገው በሩ ላይ ነው። አየና «36 ብቻ? ይሄ ሁሉ ብር ለ36 ነው?» አለ።

በመጨረሻ ለጓደኛዬ የሰጠሁትን ምክር ልንገራችሁ፤ ሁለት ግዛ አልኩት። አንዷ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ርካሽ፣ ረጅም ገመድ ያላት፣ በር ላይ የምትቀመጥ፣ የሰፈሩ። ሌላዋ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ መቆንጠጫ፣ ከኋላ ወንበር ሥር በብርድ ልብስ ተጠቅልላ የምትኖር፣ ሰው የማያውቃት። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት። ሁለተኛዋ መኖሯን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ለእህቷ ብቻ ነው የነገረችው። የእህቷ ባል ባጃጅ ነው የሚነዳው።